ሰብል ማፈራረቅና የሥር ባክቴሪያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«የባቄላ ቦታ ነው፣ ስንዴ ይወደዋል» ሲባል ያልሰማ ገበሬ የለም። ትክክልም ነው። መሬቱን የሚያግዘው ግን ባቄላው ብቻውን አይደለም። ሥሩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ ሥራ ከፈቱ ባቄላውም እንደ ስንዴው ከአፈሩ ይበላል። ሰብል እያፈራረቁ «ለውጥ አላየሁም» የሚሉ ሰዎች ችግራቸው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ገበሬዎች፣ የልማት ሠራተኞችና የግብርና ተማሪዎች አዘውትረው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ለመሆኑ ባክቴሪያዎቹ የሚሠሩት ምንድን ነው?

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ሰብልም ቅጠል ለማውጣትና ፍሬ ለመሙላት አብዝቶ የሚፈልገው ናይትሮጅንን ነው። ችግሩ፣ ተክል የአየሩን ናይትሮጅን እንዳለ ሊጠቀምበት አይችልም። ራይዞቢየም የሚባሉት የአፈር ባክቴሪያዎች ግን ይችሉበታል። የባቄላ፣ የአተር፣ የምስር ወይም የሽምብራ ሥር ውስጥ ይገባሉ። ሥሩም ትንንሽ እጢዎች ያበጅላቸዋል። እዚያ ተቀምጠው የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል አሞንያ ይቀይሩታል።

ነገሩ እንደ የእኩል እርሻ ነው። ተክሉ በፀሐይ ብርሃን ያመረተውን ስኳር ያዋጣል፣ ባክቴሪያው ናይትሮጅኑን ያዋጣል። ለተክሉ ስኳሩ ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ አፈሩ ውስጥ ናይትሮጅን እንደልብ ካገኘ እጢ ማበጀቱን ይተወዋል። ይህ ወደ ኋላ ስለ ዩሪያ ስንነጋገር ይጠቅመናል።

ጉዳዩን በሙከራ ያረጋገጡት ኸርማን ሄልሪጌልና ኸርማን ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን ናቸው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1886 ይፋ አደረጉ። በ1888 ደግሞ ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤይሪንክ ባክቴሪያውን ከእጢው ለይቶ አወጣው። ገበሬው ጥራጥሬ መሬት እንደሚያሳርፍ ያወቀው ግን ከእነሱ እጅግ ቀድሞ ነው።

ባቄላ ዘርቼ ነበር፤ የቀጠለው ስንዴ ግን ያን ያህል አልተለወጠም። ለምን?

በሒሳብ እንየው። ከአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ባቄላ አገኙ እንበል። የባቄላ ፍሬ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ይህ ማለት ከክብደቱ 4 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ በጆንያ ተጭኖ ከማሳው የወጣው ናይትሮጅን 80 ኪሎ ገደማ ነው። ገለባው ለከብት ሲሄድ ደግሞ ሌላ ይዞ ይሄዳል። ሲደመር ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ይህ ከሁለት ኩንታል በላይ ዩሪያ ማለት ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ ይህ ሁሉ ናይትሮጅን ከየት መጣ? እጢዎቹ ጥሩ ሠርተው ከሆነ አብዛኛው ከአየር ነው። አፈሩ ብዙ አልተነካም። ለስንዴው ሳይነካ የቆየለት ናይትሮጅን አለ። የረገፈው ቅጠልና ማሳው ውስጥ የቀረው ሥር ደግሞ ይጨመርበታል። እጢዎቹ ካልሠሩ ግን ባቄላው 100 ኪሎውን የቀዳው ከእርስዎ አፈር ነው። ስንዴው ለምን ይለወጣል?

ስለዚህ «ባቄላ አፈሩን በናይትሮጅን ይሞላዋል» የሚለው አባባል የተጋነነ ነው እላለሁ። በእኛ አገር ፍሬውም ገለባውም ይወሰዳል። የሚቀረው ያን ያህል ብዙ አይደለም። ትልቁ ጥቅም ባቄላው የራሱን ድርሻ ከአየር ስለሚችል የአፈሩን ናይትሮጅን አለመጨረሱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የስንዴን በሽታና አረም ለአንድ ዓመት ማስራብ ነው። ሁለቱም እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው። የመጀመሪያው ግን ያለ ባክቴሪያ አይገኝም።

ባክቴሪያዎቹ እየሠሩ መሆናቸውን እንዴት ማወቅ እችላለሁ?

ይህ ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄ ነው። ምክንያቱም ላብራቶሪ አያስፈልግም። አካፋ፣ ባልዲ ውሃና ጥፍር ይበቃል።

ሰብሉ ማበብ ሲጀምር ማሳው ውስጥ ይግቡ። ተክሉን ግንዱን ይዘው አይሳቡት። ከሳቡት እጢዎቹ ተበጥሰው አፈር ውስጥ ይቀሩና «የለም» ብለው ይሳሳታሉ። ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ርቀው ዙሪያውን ይቆፍሩ፣ ከነአፈሩ ያንሱት። ባልዲው ውስጥ ይንከሩትና አፈሩ በራሱ ጊዜ እስኪለቅ ይተዉት። ከዚያ ቀስ አድርገው ያለቅልቁት።

መጀመሪያ የሚያዩት ቦታውን ነው። ጥሩ እጢዎች ዋናው ሥር አናት አካባቢ ይሰበሰባሉ፣ ምስር የሚያካክሉ ወይም ከዚያ ተለቅ ያሉ ናቸው። የጎን ሥሮች ላይ ብቻ ተበታትነው ያሉ ጥቃቅን ነጫጭ እጢዎች ብዙ ቢሆኑም ተስፋ አይጣልባቸውም።

ቀጥሎ ትልልቆቹን በጥፍርዎ ሰንጥቀው ውስጡን ይዩ። ሮዝ ወይም ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ሌግሄሞግሎቢን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ይህም ደማችንን ቀይ ለሚያደርገው ሄሞግሎቢን የቅርብ ዘመድ ነው፤ እጢው ውስጥ የሚገባውን ኦክስጅን ይመጥናል። ውስጡ ነጭ ከሆነ ወይ ገና ሥራ አልጀመረም፣ ወይ ባክቴሪያው ሰነፍ ዓይነት ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ አርጅቷል። ሰብሉ ፍሬ መሙላት ሲይዝ ማርጀቱ ያለ ነው። በአበባ ጊዜ ግን አረንጓዴ ማየት ደህና ምልክት አይደለም።

አንድ ተክል ብቻ አይተው አይፍረዱ። ከማሳው የተለያየ ቦታ አሥር ያህል ይቆፍሩ። እጢውን ኔማቶድ የሚባለው ጥቃቅን የአፈር ትል ከሚያመጣው እብጠትም ይለዩት። ኔማቶድ ሥሩን ራሱን ያሳብጠዋል፣ አይላቀቅም። የባክቴሪያው እጢ ግን ከሥሩ ጎን ላይ የተለጠፈ ነው፣ በጣት ሲነኩት ይወልቃል።

አንዱ ባክቴሪያ ለሁሉም ጥራጥሬ ይሆናል?

አይሆንም። ብዙ ማሳ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይጋራሉ። ሽምብራ የራሱን ይፈልጋል። አኩሪ አተር ከሁለቱም የተለየ አለው። ግብጦ ሌላ ነው፣ አብሽም ሌላ ነው፤ አብሽ የሚጋራው ከአልፋልፋ ጋር ነው። ቦሎቄ ብዙ ዓይነት ያስተናግዳል፤ ያገኘውን ሁሉ ያስገባል፣ ያስገባው ሁሉ ግን አይሠራለትም።

ስለዚህ የባቄላ ማሳ ስለነበረ ሽምብራው ባክቴሪያ ያገኛል ማለት አይቻልም። ዘር የሚለወስበት ባክቴሪያ «ሕያው ማዳበሪያ» ተብሎ በእሽግ ይሸጣል፤ እሽጉ ላይ «ለሽምብራ» የሚል ካልተጻፈ ለሽምብራ አይግዙት።

ሕያው ማዳበሪያ መግዛት አለብኝ?

እንደ ሰብሉና እንደ ማሳው ታሪክ ይወሰናል።

ማሳው አኩሪ አተር አይቶ የማያውቅ ከሆነ አዎ፣ ሳያመነቱ ይግዙ። አኩሪ አተር ለአገራችን መጤ ሰብል ነው። የሚስማማው ባክቴሪያ አፈራችን ውስጥ በበቂ የለም። ጅማ፣ ወለጋ፣ አሶሳ ወይም ፓዌ አካባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዘራ ሰው ያለ ባክቴሪያ ከዘራ ቢጫ ማሳ ማየቱ አይቀርም። ከዚያ ደግሞ «አኩሪ አተር አፈር አያሳርፍም» ይባላል። አኩሪ አተሩ አልበደለም፣ ጓደኛውን አልሰጡትም።

ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ግን በደጋውና በወይናደጋው ለዘመናት ተዘርተዋል። ባክቴሪያቸው ብዙ ቦታ አፈሩ ውስጥ አለ። ታዲያ ሕያው ማዳበሪያ አንዱ ማሳ ላይ ግሩም ለውጥ ያሳያል፣ ሌላው ላይ ምንም። አስቀድመው ሥሩን ቆፍረው ካዩና ቀይ እጢ ሞልቶ ካገኙ ገንዘብዎን ለሌላ ነገር ያውሉት። እጢው ጥቂት ወይም ነጭ ከሆነ፣ ወይም ማሳው ብዙ ዓመት ጥራጥሬ ካላየ ይግዙ። ዋጋው ከዩሪያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

በአገር ውስጥ መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ ያመርታል። የግብርና ምርምር ማዕከላትም ለየሰብሉ የሚስማማውን ባክቴሪያ ይመርጣሉ። በአካባቢዎ የት እንደሚገኝ የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ይጠይቁ።

ዘሩን እንዴት አድርጌ ልለውሰው?

ከምንም በፊት፣ የገዙት ነገር ሕይወት ያለው መሆኑን አይርሱ። ፀሐይ ላይ የዋለ፣ በጋለ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ወይም ጊዜው ያለፈበት እሽግ የሞተ ዱቄት ነው። ሲገዙ ቀኑን ይዩ። ቤት ውስጥ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ያስቀምጡት።

በአገራችን የተለመደው እሽግ 125 ግራም ነው፣ ለሩብ ሄክታር ዘር ይሆናል። መጠኑን ግን ሁልጊዜ እሽጉ ላይ ካለው መመሪያ ጋር ያመሳክሩ። ጥላ ስር ላስቲክ ያንጥፉ። ዘሩን በትንሽ ስኳር በተበጠበጠ ውሃ እርጥብ ያድርጉት፤ እንዳይንቦጫረቅ፣ ዱቄቱ እንዲይዝ ብቻ። ዱቄቱን ነስንሰው ሁሉም ፍሬ ጥቁር እስኪለብስ ቀስ ብለው ያገላብጡት። በዚያው ዕለት፣ ቢቻል በማለዳ ወይም ደመና ባለ ሰዓት ይዝሩት፣ ወዲያው አፈር ያልብሱት።

ዘሩ በፀረ ፈንገስ መድኃኒት የታሸ ከሆነ ባክቴሪያውን ሊገድልብዎ ይችላል። ከኬሚካል ማዳበሪያ ጋርም በአንድ ዕቃ አይቀላቅሉት።

ጥራጥሬው ላይ ዩሪያ ብጨምርበት ጉዳት አለው?

አለው። ተክሉ ናይትሮጅን በነጻ ካገኘ ለባክቴሪያ ስኳር አያወጣም። እጢው ይቀንሳል ወይም ጭራሽ አይወጣም። ቅጠሉ ሲያምር አይተው ይደሰቱ ይሆናል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ስንዴ ግን ምንም አላስቀመጡም።

ጥራጥሬ የሚፈልገው ፎስፈረስ ነው። እጢው ራሱ ያለ ፎስፈረስ አይሠራም። ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት) ማዳበሪያ ውስጥ ፎስፈረሱ አለ፤ አብሮት ያለው 19 በመቶ ናይትሮጅንም እጢው ሥራ እስኪጀምር ላሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ይበቃል። ከዚያ በላይ ዩሪያ አያስፈልግም። ቦሎቄ ብቻ ትንሽ ይለያል። ናይትሮጅን ከአየር በማምጣት ደካማ ከሚባሉት ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ቦሎቄን ከበቆሎ የሚያፈራርቁ ሰዎች ከባቄላ የሚጠበቀውን ያህል ከእሱ ባይጠብቁ ጥሩ ነው።

አፈሬ አሲዳማ ነው ተብያለሁ። ሰብል ማፈራረቁ ይጠቅመኛል?

ከአገራችን የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ ስለሆነ ይህ የጥቂት ሰዎች ጥያቄ አይደለም። የምዕራቡና የደቡቡ ዝናባማ ደጋ፣ የጎጃም ብዙ ቦታ፣ ወለጋ፣ ከፊል ሸዋ ይህ ችግር አለባቸው።

ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚንየም ይለቀቃል። አሉሚንየሙ የሥሩን ጫፍ ያሳጥረዋል፣ ባክቴሪያው ወደ ሥሩ የሚገባበትን መንገድም ያበላሻል። ፎስፈረሱ ይታሰራል። ናይትሮጅን የሚቀይረው ኢንዛይም የሚፈልገው ሞሊብደነም የሚባል ንጥረ ነገርም ይጠፋል። ባቄላና ምስር በተለይ ይጎዳሉ። እዚህ ላይ ሕያው ማዳበሪያ ብቻውን መጨመር ባክቴሪያውን ለሞት መላክ ነው።

መጀመሪያ አፈሩን ያስመርምሩ፤ ከዚያ የተመከረውን ያህል ኖራ፣ ከመዝሪያው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ በትነው ከአፈሩ ጋር በእርሻ ያዋህዱት። ኖራ ማግኘት ካልተቻለ ለጊዜው ግብጦን ያስቡበት። አሲድን ከባቄላ የተሻለ ይችላል።

የእኔ መሬት ኮትቻ ነው፣ ክረምት ውሃ ይቋጥራል። ለባክቴሪያው ምን ማለት ነው?

እጢ ይተነፍሳል። ጥቁር አፈር ውሃ ይዞ ሲቆም እጢው አየር ያጣና ይሞታል። ባቄላው ቢጫ ሆኖ የሚቆመው በውሃው ብቻ ሳይሆን ናይትሮጅን አቅራቢው በመሞቱም ነው። በዚያ ላይ ሌሎች ባክቴሪያዎች አየር ሲያጡ የአፈሩን ናይትሬት (ሥር የሚመገበውን የናይትሮጅን ዓይነት) ወደ ጋዝ ቀይረው ያበኑታል። ባለፈው ዓመት የተጠራቀመው በዚህ መንገድ ይጠፋል።

መፍትሔው ውሃውን ማስወጣት ነው። እነዋሪ አካባቢ ሰፊ መደብ በእጅ የማውጣት የቆየ ልምድ አለ። ያ ልምድ ከተሻሻለው መደብ አውጪ ሞፈር ጋር ሲዳመር ባቄላም ስንዴም ክረምቱን ይቋቋማል። ሌላው ብልሃት ገበሬው ራሱ የሚያውቀው ነው፦ ሽምብራን ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ በቀረው እርጥበት መዝራት። አድአ፣ ጊምቢቹ፣ ምንጃር፣ ደምቢያ እንዲህ ነው የሚሠሩት። ሕያው ማዳበሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ ግን ላይኛው አፈር እስኪደርቅ አይቆዩ። በደረቀ አፈር ውስጥ ባክቴሪያው ዘሩ ሳይበቅል ያልቃል።

ሽምብራና ምስርን ከነሥሩ ነቅለን ነው የምንሰበስበው። ችግር አለው?

አዎ፣ ትንሽም ቢሆን አለው። ሥሩ ሲነቀል እጢውም፣ ውስጡ ያለው ናይትሮጅንም አብሮ አውድማ ይሄዳል። ቢቻል በማጭድ ከአፈር ጋር አስጠግቶ ማጨድ የተሻለ ነው። አጭር ምስርን በማጭድ ማጨድ አስቸጋሪ መሆኑን አውቃለሁ፤ ወገብ ይፈጃል፣ ፍሬም ይረግፋል። መንቀል ግድ ከሆነ በደረቅ አፈር ይንቀሉ፤ ብዙው ጥቃቅን ሥር ተበጥሶ ይቀራል።

ከሥሩ ይልቅ ትልቁ ነገር ገለባው ነው። የጥራጥሬ ገለባ ጥሩ መኖ ስለሆነ «ማሳው ላይ ይተዉት» ማለት ለከብት ባለቤት ቀልድ ነው። ግን በገለባው የተመገበው ከብት እበት ወደዚያው ማሳ ከተመለሰ ናይትሮጅኑ አልጠፋም። እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ሲነድ ግን ናይትሮጅኑ በጭሱ ይሄዳል። ለማገዶ ሌላ አማራጭ ያለው ቤተሰብ፣ የማገዶ ዛፍም ይሁን የተሻሻለ ምድጃ፣ እበቱን ለማሳው ቢያተርፍ ሰብል ከማፈራረቁ የሚያገኘው በግልጽ ይጨምራል።

ባክቴሪያዎች ከናይትሮጅን ሌላ የሚሰጡት ጥቅም አለ?

ብዙ አለ፤ ራይዞቢየም ብቻም አይደሉም።

በማንኛውም ሥር ዙሪያ፣ ሥሩ በሚያፈሰው ስኳርና አሲድ የሚኖሩ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች አሉ። አንዳንዶቹ የታሰረ ፎስፈረስ ይፈታሉ። ሥሩ ራሱም ያግዛል። የሽምብራና የባቄላ ሥር አሲድ እያፈሰሰ ፎስፈረስ ያላቅቃል። ግብጦ ከሁሉም ይበልጣል፤ እንደ ጠርሙስ መጥረጊያ የተጠቀጠቀ ጥቅል ሥር ያወጣና በዙሪያው ሲትሪክ አሲድ ያፈሳል። ጎጃም ውስጥ በደከመ መሬት ግብጦ የሚዘራው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሲውዶሞናስና ባሲለስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ሥር የሚያበሰብሱ ፈንገሶችን የሚገታ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚገርም ነገር አለ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በየዓመቱ ስንዴ ብቻ በሚዘራባቸው ማሳዎች የስንዴን ሥር የሚያጠቁር ፈንገስ መጀመሪያ ይበረታል፣ ከዓመታት በኋላ ግን ይቀንሳል። ምክንያቱ ፈንገሱን የሚገድሉ ሲውዶሞናሶች በሥሩ ዙሪያ መብዛታቸው ነው። «እንግዲያው ስንዴ በስንዴ ልዝራ» የሚል ካለ ግን አልመክርም። እዚያ ለመድረስ ብዙ መጥፎ ምርት ማሳለፍ ያስፈልጋል፣ የሚቀንሰውም ያ አንዱ በሽታ ብቻ ነው። አርሲና ባሌ ውስጥ ስንዴ በስንዴ ላይ የሚደጋግሙ ማሳዎች በሣር አረም ሲወረሩ እናያለን፤ ያንን ባክቴሪያ አያስወግድም።

ጥራጥሬ ሳይሆን ኑግ፣ ተልባ ወይም ጎመንዘር ባፈራርቅስ?

በሽታ ለመስበር ሁሉም ይረዳሉ። ናይትሮጅን ግን አያመጡም።

ጎመንዘር ላይ አንድ ነገር ይወቁ። የአብዛኛው ሰብል ሥር ፎስፈረስና ውሃ ከሚያቀብለው ማይኮራይዛ ከሚባል ፈንገስ ጋር ይወዳጃል፤ ጎመንና ጎመንዘር ግን አይወዳጁም። ስለዚህ ጎመንዘር ከተነሳ በኋላ ያ ፈንገስ አፈሩ ውስጥ ይሳሳል። ማሳ ጦሙን ሲያድርም እንደዚሁ። ተልባ በዚህ ፈንገስ አብዝቶ የሚመካ ሰብል ስለሆነ ከጎመንዘር ቀጥሎ ባይዘራ ይመረጣል። ኑግ እንዲህ ያለ ችግር የለበትም፤ የኑግ ቦታ ለብርዕ ሰብል ጥሩ ነው የሚለው የገበሬ ልምድ መሠረት ያለው ነው።

ባቄላ እንዲህ ከጠቀመ በየዓመቱ ብዘራውስ?

አይደረግም። ባክቴሪያው ይወደዋል፣ በሽታውም እንደዚያው። ባለፉት ዓመታት ደጋውን ያስጨነቀው፣ ቅጠሉን የሚያሳብጠውና የሚያኮማትረው የባቄላ በሽታ በቅሪትና በአፈር ውስጥ ይቆያል። ሽምብራን የሚያደርቀው ፉዛሪየም ሽምብራ ባይዘራም አፈር ውስጥ ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። አንድን ጥራጥሬ ወደ አንድ ማሳ ከሦስት ወይም አራት ዓመት በፊት አይመልሱ።

ባክቴሪያው በዚህ መሀል ያልቃል ብለው አይስጉ። አንዴ ከተላመደ ያለ ጥራጥሬም ዓመታት ይቆያል፤ ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፣ አፈሩ በጣም አሲዳማ ካልሆነ በቀር።

በቆሎና ቦሎቄ አሰባጥሬ ብዘራ ማፈራረቁን ይተካልኛል?

አይተካም፣ ይደግፋል እንጂ። በዚያው ክረምት ከቦሎቄው ወደ በቆሎው የሚሻገረው ናይትሮጅን ትንሽ ነው። መሬት ያነሰው ሰው ግን ሁለት ምርት ያገኛል፣ አፈሩም ይሸፈናል።

በደጋው አፈር ከምረን የማቃጠል ልማድ አለን። ከዚያ በኋላ ገብሱ ግሩም ነው። ምን ችግር አለው?

ገብሱ ግሩም የሚሆነው እውነት ነው። እሳቱ አፈሩ ውስጥ የነበረውን የተጠራቀመ ምግብ በአንድ ጊዜ ይለቅለታል። ነገር ግን ባክቴሪያውንም፣ ባክቴሪያው የሚኖርበትን ብስባሽም ያነደዋል። ለዚህ ነው ከአንድ ወይም ሁለት ምርት በኋላ መሬቱ ለረጅም ዓመታት ጦሙን ማደር ያለበት። መሬት ሰፊ በነበረበት ዘመን ያዋጣ ነበር። ዛሬ አያዋጣም። አፈር ማቃጠል ባለበት ሰብል ማፈራረቅ ትርጉም የለውም።

ከባቄላ ወይም ከሽምብራ ቀጥሎ ምን ልዝራ? ዩሪያውስ?

ናይትሮጅን የሚወድ ሰብል ይዝሩ፦ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ጤፍ፣ የቢራ ያልሆነ ገብስ። የቢራ ገብስ ፕሮቲኑ ከበዛ ፋብሪካው አይቀበለውም፤ እሱን ከስንዴ በኋላ ቢያደርጉት ይሻላል። ሌላ ጥራጥሬ ማስቀጠል የተጠራቀመውን ማባከን ነው።

ጤፍ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጥሩ የሽምብራ ቦታ ላይ እንደ ድሮው ሙሉ ዩሪያ ቢያፈሱበት አገዳውን ሳያጠነክር ይረዝምና ይተኛል። የተኛ ጤፍ ምርቱም ይቀንሳል፣ ለማጨድም ያስቸግራል። ጥራጥሬ ቅሪት ቶሎ ይበሰብሳል፤ የበልግ ዝናብ ሲጀምርና ማሳው ሲታረስ ባክቴሪያዎች ወዲያው ናይትሬት ያደርጉታል። ማሳው ተደጋግሞ እየታረሰ ለረጅም ጊዜ ባዶውን ከከረመ ከባድ ዝናብ ናይትሬቱን አጥቦ ይወስደዋል። ስለዚህ ከጥራጥሬ በኋላ ከልክ በላይ ቀድመው አይረሱ፤ መዝራቱንም አያዘግዩ።

ዩሪያ ስንት እንደሚቀነስ ለሁሉም ማሳ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ማሳዎ ራሱ ቢነግርዎ ይሻላል። አሥር በአሥር ሜትር የሆኑ ሁለት ቦታዎች ጎን ለጎን በችካል ይለዩ። አንዱ ላይ የለመዱትን ዩሪያ ይስጡ፣ ሌላው ላይ ግማሹን። ዘሩ፣ ኤንፒኤሱ፣ አረሙ፣ ቀኑ ሁሉ አንድ ይሁን። ሲደርስ ሁለቱን ለየብቻ አጭደው፣ ለየብቻ ወቅተው ይመዝኑ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ በሚቀጥለው ዙር ጥራጥሬ በነበረበት ማሳ ላይ ዩሪያውን ይቀንሱ። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ጥራጥሬው ተመልሶ ሲዘራ በአበባ ጊዜ አካፋና ባልዲ ይዘው ሥሩን ይዩት።